ከመጽሐፉ ጎን የተጻፈው ስም

ሰኞ 4

ዝናቡ ዛሬም አላባራም። የንባብ ክፍሉ ጣሪያ በሦስተኛው መደርደሪያ በኩል ያፈሳል፤ ሁለት ባልዲ ደቅኜበታለሁ። ለሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ይታያል» አለኝ። በዚህ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት የሽመና ማሽን ስጠግን ኖሬ «ይታያል» ተብሎ የታየ ነገር አላጋጠመኝም።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ሰው መጣ። በቅርቡ መጋዘን የተቀጠርኩ ነኝ አለ። ዕድሜው ከአርባ አያልፍም። ጫማውን በር ላይ በደንብ ጠርጎ ገባ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ፤ አንዱንም አልነካም። ከመስኮቱ በላይ ያለውን የግድግዳ ጽሑፍም ቆሞ አነበበ። «ፍትሕን ያነበበ ፍትሕን አያጓድልም» ይላል፤ ክፍሉ የተከፈተ ዕለት በገዛ እጄ በዘይት ቀለም የጻፍኩት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። እርስዎ የሚመክሩኝን ቢጽፉልኝ።»

ይህን ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስጠብቅ በዚህ አነጋገር የጠየቀኝ ሰው የለም። የሚጠየቀው «የሚያስቅ የለም ወይ?» ነው። ካልሆነም «ቀጠን ያለውን ስጠኝ»።

ነገ እጽፍልሃለሁ አልኩት። ሰው ፊት ደስታ ማሳየት አልወድም።

ማክሰኞ 5

ከንጋት ጀምሮ ዝርዝሩን ስጽፍ ዋልኩ። አምስት መጽሐፍ። ከአምስት በላይ የሚመክር ሰው ዕውቀቱን ሊያሳይ እንጂ ሊያስነብብ አይደለም። አንደኛው ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ድካም የሚናገረው ቀጭኑ ነው። ሁለተኛው የአንዲት ልብስ ሰፊ የሕይወት ታሪክ። ሦስተኛው ስለ መሬት። አራተኛው ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ዳኛ። አምስተኛው ትልቁ ሰማያዊ፣ ሥልጣን በምን እንደሚገታ የሚያስረዳው።

መጽሐፍን ብቻውን መክሬ አላውቅም። ወረቀቱን ለሁለት እከፍለዋለሁ። በግራ በኩል መጽሐፉ፣ በቀኝ በኩል ያንን መጽሐፍ ከሁሉ አሳምሮ ያነበበ ሰው ስም። መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ሄዶ ከባለስሙ ጋር ይነጋገራል። ሥርዓቱ የእኔ ነው፤ ከማንም አልተማርኩትም። ፊደል የለየሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከጥጥ ቦንዳ ላይ ከታተመ ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ በኋላም ብቻዬን እያነበብኩ ስንቱን ነገር ገልብጬ እንደተረዳሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ብቻውን የተማረ ሰው ስሕተቱንም ብቻውን ነው የሚማረው።

ስም ስጽፍ ደግሞ ሙሉ ስም ነው። የሥራ ክፍሉና ከሥራ የሚወጣበት ሰዓትም አብሮ ይጻፋል። ሰው ተፈልጎ ካልተገኘ ምክሩ ምን ይረባል?

ለመጀመሪያው የማቅለሚያ ክፍሉን ሰው ጻፍኩ፤ ቀለሙ አልለቅ ስላለው ሁሉም «ሰማያዊ እጅ» የሚሉትን። ለሁለተኛው የፈትል ክፍሏን ሴት። ለሦስተኛው ቦይለር ጠባቂውን። ለአራተኛው የበሩን ዘበኛ፤ የሚያነበው ዘብ ሲቆም ቢሆንም ከዳኛ ይበልጥ ሕግ ያውቃል። ለአምስተኛው ልጄን። ለልጅነቷ አላደላሁም። ያንን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የጨረሰ ከእኔና ከእሷ በቀር የለም።

እጄ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ልጄ ከፋብሪካው ክሊኒክ ስትመለስ በጥሩ ጽሕፈቷ ገለበጠችልኝ። አምስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ብዕሩን አነሣች።

«አባዬ፣ የእኔንም ስም ልጻፍ?»

ባነበበው የሚያፍር ሰው ባያነብ ይሻለዋል አልኳት። ጻፈች። ከታች ፈረምኩበት።

ረቡዕ 6

ዝርዝሩን ሰጠሁት። ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ለአራት አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። በቅደም ተከተሉ ላንብብ ወይ ሲል ጠየቀኝ።

«በቅደም ተከተሉ» አልኩት፤ «መስመር መዝለል የለም።»

የመጀመሪያውን ወሰደ።

ማክሰኞ 12

እንግዳው መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰ። አንድ ገጽ አላጠፈም። ከሰማያዊ እጅ ጋር ከሥራ በኋላ ጨርቅ ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት አውርተዋል። ያወሩትን ሲነግረኝ እኔ ራሴ ያላስተዋልኩትን ሁለት ነጥብ አነሣ። ሁለተኛውን ሰጠሁት።

ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ተቀይሞኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሲከራከረኝ የኖረ ሰው ነው። በዝርዝሩ ላይ ስሙ እንደሌለ ሰምቷል። አንገቴ ላይ ምላጭ ይዞ፣ «እኔ የሰው ራስ ከላይ ከላይ እከረክማለሁ፤ አንተ ውስጡን ካልከረከምኩ ትላለህ። ሁለታችንም ያው ፀጉር ቆራጭ ነን። ታዲያ እኔ የማልጻፈው ምን ሆኜ ነው?» አለኝ። መጽሐፍ የምትጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ስለሆነ ነው አልኩት። እውነት ነው፤ መጨረሻውን ሳያይ አይጀምርም።

ሐሙስ 14

ሰማያዊ እጅ ሁለት ቀን ሥራ አልገባም። ሌላ ያዋስኩት መጽሐፍ ቀኑ አልፏል። ዝናብ። ባልዲዎቹን ሁለት ጊዜ ደፋሁ።

ሰኞ 18

ሰማያዊ እጅ «ለትንሽ ጥያቄ» ተብሎ ላይኛው ቢሮ ተጠርቷል አሉ። ላይኛው ቢሮ የሚሉት ከኮረብታው ላይ ያለውን፣ መስኮቱ ሁሉ መጋረጃ የሆነውን ቤት ነው። ከሄደ ስድስት ቀኑ። በምን ምክንያት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እኔ አውቃለሁ። አፉ አያርፍም። ምሳ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ወጥቶ ስለ ሰዓት ጭማሪው ሲናገር በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገርን በልክ ተናገር ብዬ ስንት ጊዜ መክሬዋለሁ? ሰው ምክር አይሰማም።

ረቡዕ 20

እንግዳው ሁለተኛውን መለሰ፤ ሦስተኛውን ወሰደ። ከፈትል ክፍሏ ሴት ጋር በፈረቃ መውጫው ሰዓት ተገናኝተው እስከ ቤቷ ሸኝቷታል። «ልብስ ሰፊዋን እንደ እህቷ ነው የምታወራት» አለኝ። ዓይኑ ውስጥ ደስታ ያየሁ መሰለኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ዝርዝሬን ከላይ ወደ ታች የሚከተል የመጀመሪያው ሰው ነው።

ስለ ሰማያዊ እጅ ሰምተሃል ወይ አልኩት። ሰምቻለሁ፤ ያሳዝናል አለ።

ቅዳሜ 23

የፈትል ክፍሏ ሴት እናት መጣች። እርጥብ ነጠላዋን እንኳ ሳታራግፍ ከደረቷ ሥር ልጇ የተዋሰችውን መጽሐፍ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ልጇን ሐሙስ ጠዋት ወስደዋታል። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ አልጋ ሥር ያይ ነበር አለች።

መጽሐፉን በእጇ ጀርባ ወደ እኔ ገፋችው። «እንካ ዕቃህን። እኔ አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም። ይኸው ቤቴ አለሁ።»

ስትወጣ ባልዲውን በእግሯ መታችው፤ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሆን ብላ ይሁን ሳታይ አላወቅኩም። ስወለውል ቆየሁ።

ሰኞ 25

ፀጉር አስተካካዩ ዛሬ ጺሜን ግማሽ እንደላጨ ምላጩን አስቀመጠ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«ቂሜን ትቻለሁ» አለ።

የምን ቂም ብዬ ጠየቅኩ።

«ስላልጻፍከኝ የያዝኩትን። እግዜር ይስጥህ፤ አሁን ገብቶኛል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንተ እንግዳ ጎበዝ አንባቢ ነው። መስመር አይዘልም።»

ተቆጣሁ። ጫማውን ጠርጎ የሚገባ፣ መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚመልስ ሰው በሐሜት እንዲነካ አልፈቅድም አልኩት። የአንተ ሱቅ ወሬ እንጂ ፀጉር አያመርትም አልኩት። ጺሜን ግማሽ ተላጭቼ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሌላውን ግማሽ በራሴ እጅ ስላጭ ፊቴን ሁለት ቦታ ቆረጥኩ።

ሁለት ሰው በሁለት ሳምንት መጠራቱ ተራ ግጥምጥሞሽ ነው። በዚህ ወቅት የሚጠራ ሰው ብዙ ነው።

ሐሙስ 28

ቦይለር ጠባቂው። ትናንት ከሥራ ሲወጣ። ፋብሪካው ለግማሽ ቀን እንፋሎት አጥቶ ቆመ።

ንባብ ክፍሉ ውስጥ ዛሬ አንድም ሰው አልገባም። ሦስት ሠራተኞች በመስኮት አይተውኝ አለፉ።

ቅዳሜ 30

እንዲህ አሰብኩ። የተወሰዱት ሦስቱም ከበሩ ዘበኛ ጋር ይነጋገሩ ነበር። ማን ስንት ሰዓት እንደገባና እንደወጣ የሚያውቀው እሱ ነው። ደግሞ በቅርቡ አዲስ ጃኬት ለብሷል። ይህን ሁሉ ደማምሬ ዛሬ ሠራተኛ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቅኩትና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ጆሮ ጠቢ» አልኩት።

ጃኬቱን ብቻ ዝቅ ብሎ ተመለከተው። ከኋላዬ አንድ ሰው ምራቁን ተፋ፤ በእሱ ላይ ነው። ሌላውም ተፋ። እየሄድኩ ሳለ ሲገፉት ሰማሁ።

ልጄ ስትሰማ፣ ጃኬቱን የሰጠችው እሷ ናት አለች። ክሊኒክ ውስጥ የሞተ ሰው ጃኬት ነው፤ ዘመድ ያልመጣለት።

ሰኞ 2

አዲስ ወር። ጣሪያው ሁለተኛ ቦታ አፈሰሰ።

እንግዳው ሦስተኛውን መለሰ። የሚያወራኝን ሁሉ አልሰማሁትም፤ አፉን ብቻ አይ ነበር። ሲጨርስ እጁን ዘረጋ። አራተኛውን ሰጠሁት።

ለምን ሰጠሁት? ሰው መጽሐፍ ሲጠይቅ ሰጥቼ ነው የኖርኩት። ለእውነተኛ አንባቢ መጽሐፍ የሚከለክል ሰው ከእነዚያ ከላይኛው ቢሮዎቹ በምን ይለያል? ያለማስረጃ ሰው አይጠረጠርም፤ አራተኛው መጽሐፍ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ብዬ ነው የሰጠሁት።

ሐሙስ 5

ዘበኛው ተወስዷል። በርጩማው ላይ ቆቡ ቀርቷል። ዝናቡ ሞልቶታል። ማንም አላነሣውም፤ ጆሮ ጠቢ ነው ብለው።

ዓርብ 6

ማለዳ ተነሥቼ ንባብ ክፍሉን ከውስጥ ዘጋሁ። ማንም ስለማይመጣ መዝጋቱ አያስፈልግም ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለፀጉር አስተካካዩ በሁለተኛው ጠርቶለታል። መጽሐፍ ለማታነበው እናት በሁለት ቀን ጠርቶላታል። እኔ ዘግይቻለሁ። ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ስለዚህ አልጽፍም።

ሰማያዊውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩት። በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም። ስለዚህ እንግዳው ሲመጣ «መጽሐፉ ለጥገና ፈርሷል» ብዬ የምናገረው እውነት እንዲሆን ምላጭ አነሣሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ከሽመና ክፍሉ በለመንኩት የድር ክር የጠረዝኩት ነው። ክሩ ገና ጠንካራ ነበር፤ አልቆረጥ አለኝ። ሽፋኑን ገነጠልኩ፤ አብረው የተሰፉትን ገጾች በየእጥፋታቸው ለየሁ፤ ሃያ ስድስት እጥፋት ናቸው። ከዚያ እንደ ካርታ በወዝኳቸው።

ሠራተኛው «ጋሽ መርፌ» የሚለኝ መጽሐፍ ስለምሰፋ ነው። መርፌ ሲቀድ ይኖራል እንጂ ይሰፋል ያለው ማን ነው? የሚሰፋው ክሩ ነው።

ለልጄ ዛሬ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ 7

ትናንት ደክሟት መጣች። ሌላ ቀን።

እንግዳው መጣ። አራተኛውን መለሰ። አምስተኛው ፈርሶ ነው አልኩት። የተበታተነውን አየ። ስንት ቀን ይፈጃል አለኝ። እጄ እንደምታየው ነው አልኩት።

«እጠብቃለሁ፤ አልቸኩልም» አለ።

ማክሰኞ 10

ማታ ቤት ወስጄ አራት እጥፋት ሰፋሁ። ጠዋት አራቱንም ፈታሁ። ሥራ ላይ ነኝ ብል እውነት ነው።

ልጄ በር ላይ ቆማ ስፈታ አየችኝ። ሻይ አፍልታ አጠገቤ አስቀመጠች፤ ፈትቼ እስክጨርስ ቀዝቅዟል።

ዛሬም አልነገርኳትም። የምሳ ዕቃዋ ክዳን ጠፍቶባት እየፈለገች ነበር። በዚህ መሐል እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ሐሙስ 12

ነገርኳት።

እራት ላይ ነበርን። «ልጄ፣ ያ ዝርዝር...» አልኩና ቀረሁ። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ የገለበጥኩት እኮ እኔ ነኝ። ሰማያዊ እጅ ሲጠራ አላወቅኩም። የፈትሏ ስትጠራ አወቅኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

ሦስት ሳምንት ጠብቃለች። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ቦይለር ጠባቂው ነበር፤ ዘበኛው ነበር። እሷም ይህን ታውቃለች፤ አልተናገረችውም። ቦይለር ጠባቂውን ራሷ ሄዳ አስጠንቅቃው እንደነበር የነገረችኝ ቆይታ ነው። «ጋሽ መርፌ ሰውየውን ባያምነው ኖሮ አይልከውም ነበር» ብሎ ስቆባታል። ዘበኛውንም አስጠንቅቃው ነበር። እሱ ግን እኔ ከሰደብኩት በኋላ ብሸሽ እውነት ነው ይሉኛል ብሎ ቀረ።

ይህን በዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ይኸው።

ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ አክስትሽ ጋ ሂጂ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ክሊኒኩ ውስጥ ብቻዋን ናት፤ የሳንባ ታማሚዎች አሏት፤ መርፌ በሰዓቱ የሚወጉ።

«ደግሞ አባዬ፣ እኔን ፈልገው ካጡኝ ወረቀቱን ዝቅ ብለው ያነባሉ። ከአምስተኛው ስም ሥር ያለው የማን ፊርማ ነው?»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለታማሚዎቿ ስትል ቀረች። ሥራን ጥሎ አለመሄድ ከእኔ የወረሰችው ነው፤ ግትርነቷም እንደዚሁ። ሁለት ጊዜ ለመንኳት። ለምኜ ስለማላውቅ አላወቅኩበትም፤ ቁጣ መሰለ።

እሑድ 15

አብረን ዋልን። ጣሪያው ሥር ባልዲ ልታስተካክል ንባብ ክፍሉ ድረስ መጣች። ሰማያዊውን መጽሐፍ ስጠኝ አለችና እጥፋቶቹን እያገላበጠች አንድ ገጽ ፈለገች። ዳር ላይ በልጅነቷ በእርሳስ የጻፈችው አለ፤ «አባዬ ይህ አልገባኝም» ይላል። ከሥሩ የእኔ መልስ፦ «ደግመሽ አንብቢ።»

ሳቀች። «ሌላ መልስ አልነበረህም?» አለችኝ።

አልነበረኝም። ያን ጊዜ እኔም አልገባኝም ነበር። ይህን ነገርኳት። ይህን ሳልነግራት ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ።

ሰኞ 16

እንግዳው መጣ። ጫማውን ጠረገ። አምስተኛው ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ፤ አልደረሰም አልኩት። የተበወዙትን እጥፋቶች ወደ ራሱ ሳባቸው። የገጽ ቁጥር ያለበትን ጥግ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስት መስመር ያነብና ቦታ ቦታውን ይሰጠዋል። ሃያ ስድስቱንም። አንድ አልተሳሳተም። እኔ ብሆን እሳሳት ነበር።

«ይህን ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ፤ አባባ። አምስቱንም አንብቤያቸዋለሁ። ምርጫዎ ጥሩ ነው፤ እኔም ብሆን ቅደም ተከተሉን አልለውጠውም ነበር።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ለቀኙ በኩል» አለ።

ሳያላግጥ ነው የተናገረው። ቢያላግጥ በተሻለኝ። ከመውጣቱ በፊት እንደ መጀመሪያው ቀን ከመስኮቱ በላይ ያለውን ጽሑፍ ቀና ብሎ አነበበ። አምነውበት ነው የጻፉት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

«ያስታውቃል» አለ።

እስከ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ሩጫ ከተባለ። ልጄ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ አንድ ሽማግሌን ተንፍስ እያለች ደረቱን ስታዳምጥ አገኘኋት። በእጇ ምልክት ቁጭ በል አለችኝ፤ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌውን ስትጨርስ የእኔንም ደረት አዳመጠች። «ትንሽ ይንኳኳል፤ ዕድሜ ነው» አለችኝ። አብረን ወደ ቤት ገባን።

ማክሰኞ 17

ልጄ በማለዳ ወደ ሥራ ወጥታ ነበር። ክሊኒኩ ተዘግቷል። ታማሚዎቹ ደጅ ላይ ተሰልፈው እየጠበቁ ነው። መቼ ትከፍታለች ብለው እኔን ጠየቁኝ።

ረቡዕ 18

ኮረብታውን ወጣሁ። ሁለት ቦታ ተቀምጬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ላይኛው ቢሮ መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ጸሐፊ ጥሩ ሰው ይመስላል፤ ወንበር ሰጠኝ። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ አልኩት። ሰዎቹን የመረጥኩት፣ መጽሐፉን የሰጠሁት፣ እንዲያነቡ ያስገደድኩት እኔ ነኝ፤ እነሱን ልቀቁና እኔን ያዙ። ይህን ንግግር መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር የመጣሁት። ስናገረው ግን አጭር ሆነ።

ጸሐፊው ከመሳቢያ አቃፊ አወጣ። የልጄን ጽሕፈት ከሩቅ ለየሁት። በአምስቱ ስሞች ትይዩ ቀይ ምልክት አለ። በፊርማዬ ትይዩ ምንም የለም።

«እርስዎ እኮ መካሪ ነዎት፤ አባባ። በመካሪ ላይ ጥያቄ የለንም።»

ልጄን ላያት እችል እንደሆነ ጠየቅኩ። እንደዚህ ያለ ሰው እዚህ የለም አለ። አሁን ስሟ ያለበትን ወረቀት ይዘህ የለም ወይ አልኩት። ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ አቃፊውን ዘጋ። ዝናቡ ስለበረታ በር ላይ ካለው ጃንጥላ አንዱን ወስጄ እንድሄድ ነገረኝ።

አልወሰድኩም። በስብሼ ወረድኩ።

ሰኞ 23

አምስት ቀን አልጻፍኩም። ሰማያዊውን መጽሐፍ ስሰፋ ነበር። እንግዳው በደረደረው ቅደም ተከተል ነው የሰፋሁት፤ ትክክል ስለሆነ።

ፀጉር አስተካካዩ በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል። አይከራከረኝም። ጺሜን ቤቴ ውስጥ ይላጨኛል። ትናንት አንዴ ብቻ ተናገረ፤ «ስደበኝ እንጂ፤ ዝም ስትል እፈራለሁ» አለ።

ዛሬ አዲስ ዝርዝር ጻፍኩ። ገልባጭ የለኝምና በሚንቀጠቀጥ እጄ። ከላይ እንደ ልማዴ «የሚመከር» ብዬ፣ ወረቀቱን ለሁለት ከፈልኩት። ግራውን ባዶ ተውኩት፤ የምመክረው መጽሐፍ የለኝም። በቀኝ በኩል አምስቱን ስም ሙሉ በሙሉ ከነሥራ ክፍላቸው ጻፍኩ። ከሥራ የሚወጡበት ሰዓት በሚጻፍበት ቦታ የተወሰዱበትን ቀን ጻፍኩ። በስድስተኛው መስመር የራሴን ስም። ፋብሪካው በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ሠራተኛ ሁሉ በሚያልፍበት፣ በአራት ሚስማር መታሁት። አሁን ሊወስዱኝ ይመጣሉ ብዬ በዘበኛው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ሠራተኛው ወጣ። አንድም ሰው ቀና አላለም። ስድስት መቶ ሰው መሬት መሬት እያየ አለፈ። ሲመሽ ወደ ቤት ገባሁ።

ማክሰኞ 24

ጠዋት ሄድኩ። ዝናቡ አባርቷል።

ወረቀቱ አልተቀደደም። በምላጭ፣ በማስመሪያ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። አምስቱ መስመሮች የሉም። ከላይ «የሚመከር» የሚለው ቀርቷል፤ ወዲያው ከሥሩ ደግሞ የእኔን ስም የያዘው ቁራጭ በሁለት ሚስማር ተመትቶ ይታያል፤ ላይኛው ቢሮ የመረጠው ሰው ያስመስለኛል።

ዛሬ ግን ሠራተኛው ቀና እያለ አነበበ። ማንበብ የማይችለውም የሚያነበውን ጠየቀ። እያነበቡ ወደ እኔ ዞረው ያዩኛል፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግረው በወዲያኛው በኩል ይሄዳሉ። የፈትል ክፍሏ ሴት እናት አልተሻገረችም። ፊት ለፊቴ ቆማ ትንሽ አየችኝና አለፈች። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ በመስኮቱ አየኝ፤ እጁን ሊያነሣ ብሎ ነበር፤ በሩ ላይ ሰዎች ስለነበሩ መጋረጃውን ሳብ አደረገ።

ሁለቱን ሚስማሮች በጥፍሬ ሞከርኳቸው። ላልተው ነበር፤ ይነቀሉ ነበር። ግን የተጻፈውን ደግሜ አነበብኩት፤ ሐሰት የለበትም።

ተውኩት።